«ይሄ ማሽን አይችልም» የተባለው ላፕቶፕ፦ ቨርቹዋላይዜሽንን በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስለማብራት የጉዳይ ጥናት

ለምን መዘገብኩት

ቨርቹዋላይዜሽንን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ለማስነሳት የሚያግዘውን የቺፑን ችሎታ) ማብራት ከላይ ሲያዩት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ «ዲሰብልድ» (ዝግ) የሚለውን «ኢኔብልድ» (ክፍት) ማድረግ፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት፣ አለቀ። እኔን ግን ሁለት ቅዳሜና አንድ ረጅም የስልክ ምሽት ፈጅቶብኛል። ማሽኑ ላይ ችግሮቹ ተደራርበው ነበር። አንዱን ስፈታ ሌላው ብቅ ይላል፤ ከዚያም አልፎ አንዱን ለመፍታት የማደርገው ነገር ራሱ ሌላውን ይቀሰቅሰዋል። እንድጽፍ ያደረገኝ በተለይ ይሄኛው ነው። የማገኘው መመሪያ ሁሉ የሚያወራው ስለ ጤነኛ ማሽን ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ ካልሠራለት ማሽኑን ነው የሚጥለው።

የሰዎቹን፣ የሱቁንና የላፕቶፑን ስም አልጠቅስም።

ልጅቷና ማሽኑ

የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት። ላፕቶፑን እናቷ ናት ዩዝድ የገዛችላት። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-2430ኤም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አካባቢ የወጣ፣ ሁለት ኮርና አራት ትሬድ ያለው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ። 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10 ሆም። ዋናው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ቻርጀሩ ከተነቀለ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

በግንቦት የኔትወርክ ኮርስ ላይ አንድ አሳይመንት ተሰጣት። ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን አስነስታ አንዱን ሰርቨር፣ ሌላውን ክላየንት አድርጋ ማገናኘት። መምህሩ በፍላሽ ያደላቸው ባለ 64 ቢት ዴቢያን (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ነው። እሷ ቨርቹዋልቦክስን ጭና ስታስነሳው ቀይ ምልክት ያለበት ሳጥን ወጣባት፦ «ቪቲ-ኤክስ ኢዝ ዲሰብልድ ኢን ዘ ባዮስ ፎር ኦል ሲፒዩ ሞድስ»፤ የቺፑ የቨርቹዋላይዜሽን እገዛ ባዮሱ ውስጥ ተዘግቷል ማለት ነው።

ወደ አንድ ኮምፒውተር ሱቅ ወሰደችው። ልጁ አየት አደረገና «ይሄ ቺፕ ቨርቹዋላይዜሽን አይችልም፣ አርጅቷል» አላት። እዚያው ሌላ ዩዝድ ላፕቶፕ አሳያት፤ ዋጋው ከእናቷ የሁለት ወር ደመወዝ ይበልጣል። እናቷ በማግስቱ ቢሮ መጥታ «እስቲ አንተ አንድ ጊዜ እየው፣ ካልሆነ ዕቁቤ ሲወጣ እገዛላታለሁ» አለችኝ።

ዕቁቡ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ያንን አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማስነሳት ነው። ድሮ ይሄ በሶፍትዌር ብልሃት ብቻ ይሠራ ነበር። ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ1999 በተራ ፒሲ ላይ ያስጀመረው በዚያ መንገድ ነው። ከዚያ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ፔንቲየም 4 662 እና 672 ላይ ቪቲ-ኤክስ የሚባለውን አስገባ፣ ኤኤምዲ ደግሞ በ2006 ኤኤምዲ-ቪን አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ቺፑ ራሱ ያግዛል። ቨርቹዋልቦክስ ያለዚህ እገዛ ባለ 64 ቢት ሲስተም አያስነሳም። ከ6.1 ጀምሮ ደግሞ፣ ማለትም ከ2019 መጨረሻ ወዲህ፣ ባለ 32 ቢቱንም ያለሱ አያስነሳም።

አሁን ቁልፉ ነገር ይሄ ነው። ቺፑ ቢችልም ይፈቀድ አይፈቀድ የሚወስነው ባዮሱ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ አንዲት ትንሽ ሬጅስተር (ቅንብር የሚጻፍባት ቦታ) አለች። ማሽኑ ሲነሳ ባዮሱ እዚያች ላይ «ይፈቀድ» ወይም «አይፈቀድ» ብሎ ይጽፍና ይቆልፋታል። ከተቆለፈች በኋላ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ሊከፍታት አይችልም። መቆለፊያው የሚለቀው ፕሮሰሰሩ ሙሉ በሙሉ ኃይል አጥቶ እንደገና ሲነሳ ነው። ለዚህ ነው ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ቪቲ-ኤክስን የሚያበራ ፕሮግራም የማይገኘው። እንዲህ ያለ ነገር አውርዱ የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ብዙ የዚያን ዘመን ላፕቶፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ዘመኑ ስጋት የነበረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዮአና ሩትኮቭስካ የተባለች የደህንነት ተመራማሪ «ብሉ ፒል» ብላ በሰየመችው ሥራ፣ እየሠራ ካለ ዊንዶውስ ሥር ሾልኮ የሚገባ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) ይቻላል ብላ አሳይታ ነበር። ለማይጠቀምበት ሰው ተዘግቶ ቢቆይ አይከፋም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ቁጭ ብዬ መጀመሪያ የጫንኩት ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ነው። ታስክ ማኔጀር ተከፈተ። «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሲፒዩ»። ከግራፉ ሥር በቀኝ በኩል «ቨርቹዋላይዜሽን፦ ዲሰብልድ» ይላል።

ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ሲስተምኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ አስኬድኩ። መጨረሻው ላይ ስለ ሃይፐር-ቪ፣ ማለትም ስለ ዊንዶውስ የራሱ ሃይፐርቫይዘር፣ የሚያወሩ አራት መስመሮች አሉ። ሦስቱ «የስ» ይላሉ። አንዱ ብቻ፣ «ቨርቹዋላይዜሽን ኢኔብልድ ኢን ፈርምዌር» የሚለው፣ «ኖ» ይላል።

ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋት። «ይሄ የመጀመሪያው መስመር ስለ ቺፑ ነው፤ እችላለሁ እያለ ነው። ይሄኛው ደግሞ ስለ ባዮሱ ነው፤ ዘግቼዋለሁ እያለ ነው።»

«ታዲያ ሱቁ ውስጥ ለምን አይችልም አሉኝ?»

የስህተት መልእክቱ ራሱ «ተዘግቷል» እንጂ «የለም» አይልም። ሰው ግን ቀይ ምልክት ሲያይ አያነበውም፤ ልጁም ቸኩሎ ይሆናል። እኔም አልፈርድበትም፣ ግን በዚያች አንድ ቃል ልዩነት አንድ ቤተሰብ ዕቁቡን ሊያወጣ ነበር።

ቀጥሎ ባዮስ መግባት። መጀመሪያ በዊንዶውስ በኩል ሞከርኩ፤ ሺፍት ይዞ ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያ «ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ» የሚለውን መፈለግ። የለም። ማሽኑ በድሮው ባዮስ መንገድ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ያ ምርጫ አይወጣም። የቀረው ሲነሳ ቁልፍ መጫን ነው። ዊንዶውስ 10 «ሻት ዳውን» ሲባል በፋስት ስታርትአፕ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ስለዚህ «ሪስታርት» አደረግኩና ስክሪኑ እንደጠቆረ ኤፍ2ን ቶሎ ቶሎ መታሁ። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ገባ። የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም፣ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

ምርጫው ያለበት ቦታ ግራ ያጋባል። «አድቫንስድ» የሚባል ገጽ ጠብቄ ነበር፤ እዚህ ማሽን ላይ የለም። ገጾቹን አንድ በአንድ ሳይ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ውስጥ፣ ከብሉቱዝና ከፋን መስመሮች ሥር፣ «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» የሚል አገኘሁ። ኢኔብልድ አደረግኩት። ኤፍ10፣ የስ።

ዊንዶውስ ተነሳ። ታስክ ማኔጀር፦ ዲሰብልድ።

እኔ የሠራሁት ስህተት

ይሄን ሳይ አልደነገጥኩም። ያ ሬጅስተር በሪስታርት ብቻ አይለቅም፤ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ቅንብሩን ከቀየሩ በኋላ ማሽኑን ጨርሶ ማጥፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ። አጠፋሁት፣ ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ የሞተውን ባትሪ አወጣሁ፣ የማብሪያ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩ። መልሼ ሰካሁና አስነሳሁት።

አሁንም ዲሰብልድ። ባዮስ ገብቼ ሳይ ደግሞ ኢኔብልድ ያደረግኩት ራሱ ወደ ዲሰብልድ ተመልሷል።

ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም ሞከርኩ። ሪስታርት ሳደርግ ባዮሱ ውስጥ ኢኔብልድ እንዳለ ይቆያል፣ ግን አይሠራም። ጨርሼ ሳጠፋው ይጠፋል። እኔም ባዮሱ ቅንብር መያዝ የማይችል የተበላሸ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ የመጣልኝ ሐሳብ ባዮሱን አፕዴት ማድረግ ነበር፤ ፋይሉንም ከአምራቹ ገጽ አውርጄ ነበር።

እዚህ ላይ መቆሜ ደስ ይለኛል። ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ባዮስ እየተጻፈ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ እዚያው ይቀራል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ቺፕ በልዩ መሣሪያ ካልጻፉት በቀር አይነሳም። ብዙዎቹ የአፕዴት ፕሮግራሞች ራሳቸው ባትሪ ካላገኙ እምቢ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እምቢታውን የሚያልፉበት መንገድ ይገኛል፣ ግን የሰው ማሽን ነው። ዘጋሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰዓቱ የነገረኝ

ረቡዕ ማታ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በማታ፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ እምቢ አለኝ። የትኛውም ዌብሳይት ስገባ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል።»

«ታች በቀኝ በኩል ሰዓቱን እይው እስቲ።»

«ጃንዋሪ 1፣ 2011። አዎ እሱማ ሁሌ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ከገዛችው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው። ለምዳዋለች። ችግር ነው ብላም አታውቅም፣ ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት። ማሽኑ ከኃይል ሲለያይ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ የባዮሱን ቅንብርም የምትይዘው እሷው ናት። እሷ ከሞተች ዋናው ባትሪ ወይም ቻርጀሩ ኃይል እስከሰጠ ድረስ ነገሩ አይታወቅም። የዚህች ልጅ ላፕቶፕ ግን ዋናው ባትሪም ሞቷል። ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም መብራት ሲሄድ ሁሉም ነገር ይረሳል፤ ቀኑም፣ የእኔ «ኢኔብልድ»ም።

ያን ጊዜ ነው ቅዳሜ ያደረግኩት የገባኝ። መቆለፊያው እንዲለቅ ብዬ ቻርጀሩን ስነቅል ቅንብሩን እኔው ራሴ አጠፋው ነበር። ሪስታርት ሳደርግ ቅንብሩ ይቆያል፣ መቆለፊያው ግን አይለቅም። ባዮሱ ምንም አልሆነም። በአፕዴት ብሞክረው ለማይጠቅም ነገር ማሽኑን አደጋ ላይ እጥለው ነበር ማለት ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ መንገድ አለ። ማሽኑን ማጥፋት፣ ቻርጀሩን ግን አለመንቀል። ፕሮሰሰሩ ኃይል ያጣል፣ ቅንብሩ ግን ከቻርጀሩ በሚመጣው ትንሽ ኃይል ይቆያል። በስልክ ደረጃ በደረጃ ነገርኳት። ባዮስ ግቢ፣ ኢኔብልድ አድርጊው፣ ኤፍ10፣ ዊንዶውስ ይነሳ። አሁን ሺፍት ይዘሽ ሻት ዳውን በይው፣ ፋስት ስታርትአፑ እንዳይገባበት። ቻርጀሩን እንዳትነኪው። አንድ ደቂቃ ጠብቂ። አሁን አብሪው።

ጠበቅኩ። ከወዲያ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ይሰማኛል።

«ኢኔብልድ ይላል! ጋሼ፣ ኢኔብልድ ይላል!»

በማግስቱ ጠዋት መብራት ሄደ፤ ተመልሶ ዲሰብልድ ሆነ። አሁን ግን ምክንያቱን አውቀነዋል።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ሳንቲሟን መቀየር

ከሰዓት ቤት የምትገዛው ተራ ሲአር2032 እዚህ ማሽን ላይ አትገጥምም። የላፕቶፑ ባትሪ በፕላስቲክ ተጠቅልላ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ወጥቶላት፣ በትንሽ ሶኬት ነው የምትሰካው። ሽቦዋ የተያያዘላት ከላፕቶፕ መለዋወጫ ሻጭ ተገኘች። አሮጌዋን ይዤ ሄጄ ሶኬቱንም የሽቦውን ቀለም አቀማመጥም አስተያይቼ ነው የገዛሁት፤ በአንዳንዱ ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ይመጣል። ሽቦውን በቀጥታ ሳንቲሟ ላይ በካውያ የሚበይዱ አሉ። አይደረግም፤ ሙቀቱ ባትሪዋን ያበላሻታል፣ ልትፈነዳም ትችላለች።

ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥዬ ብሎኖቹን ባወጣኋቸው ቅደም ተከተል በየቦታቸው አስቀመጥኳቸው። ረጅሙና አጭሩ ከተቀያየረ ረጅሙ ማዘርቦርዱን ይወጋዋል። አሮጌዋን ባትሪ በመልቲሜትር ስለካት 1.2 ቮልት፣ አዲሷ 3.1።

ገጠምኩ፣ ዘጋሁ፣ ባዮስ ገባሁ። ቀንና ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑን ኢኔብልድ አደረግኩ፣ ሴቭ አድርጌ አጠፋሁት። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅዬ አንድ ሰዓት ተውኩት። ስናበራው ሰዓቱ ልክ ነው። ታስክ ማኔጀርም ኢኔብልድ ይላል።

በርቶም ይንቀራፈፋል

ሁላችንም አለቀ ብለን ነበር። ዴቢያኑን አስነሳችው፤ ተነሳ። ግን ሎግኢን ገጽ ላይ እስኪደርስ ስድስት ደቂቃ ገደማ ፈጀ። እናቷ «አርጅቶ ነው በቃ» አለች።

ቨርቹዋልቦክሱ መስኮት ከታች በቀኝ ጥግ ትንንሽ ምልክቶች አሉት። እዚያ መሐል ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ አየሁ። ይቺ ኤሊ ትርጉም አላት። ቪቲ-ኤክስን የዊንዶውሱ የራሱ ሃይፐርቫይዘር ይዞታል፣ ቨርቹዋልቦክስ በእሱ በኩል እየተለማመጠ ነው የሚሠራው ማለት ነው። «ሲስተምኢንፎ»ን ስደግመው አራቱ መስመሮች ጠፍተው በቦታቸው ሃይፐርቫይዘር ተገኝቷል የሚል አንድ መስመር ወጣ።

ልጅቷን ጠየቅኳት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቪዲዮ አይታ፣ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ገብታ፣ ቨርቹዋል የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ምልክት አድርጋበታለች። ያን ጊዜ ቪቲ-ኤክስ ተዘግቶ ስለነበር ምንም አልሆነም። እኛ ስናበራው የዊንዶውሱ ሃይፐርቫይዘር ቀድሞ ተነስቶ ያዘው።

«ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም» እና «ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም» የሚሉትን ምልክት አነሳንና ሪስታርት አደረግን። ኤሊዋ ጠፋች። ዴቢያኑ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተነሳ። እናቷ ምንም አላለችም፣ ሄዳ ቡናውን ጣደች።

ልብ በሉ፣ እነዚህን ማጥፋት ዋጋ ያስከፍላል። ደብሊውኤስኤል 2 (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን) የሚጠቀም ሰው «ቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርም»ን ካጠፋ እሱ አይሠራለትም። አዳዲስ ማሽን ላይ ደግሞ ኤሊዋን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» የሚባለው የደህንነት ቅንብር ነው። እሱን የማጥፋት ውሳኔ ለአሳይመንት ተብሎ በችኮላ የሚወሰን አይመስለኝም።

ራሙ

4 ጊጋ ራም ላይ ዊንዶውስ 10 ተቀምጦ ለሁለት ቨርቹዋል ማሽን የሚተርፍ ብዙ የለም። መጀመሪያ ዴስክቶፕ ያለው ሲስተም ጭና ሞክራ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩ ሲንጫጫ ይውላል። ዴስክቶፑን ትተን ሁለቱንም ዴቢያን በጥቁሩ ስክሪን ብቻ፣ ለእያንዳንዱ 512 ሜጋ ራምና አንድ ኮር ሰጥተን አስነሳን። ብራውዘሩ ከተዘጋ በደንብ ይሄዳል። ለሰርቨር ትምህርት ደግሞ የሚፈለገውም ጥቁሩ ስክሪን ነው።

ለሌላ ማሽን የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የምጠይቅበትን ቅደም ተከተል ቀይሬያለሁ። ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ሲመጣልኝ ባዮስ ከመግባቴ በፊት ሰዓቱ ልክ መሆኑን አያለሁ፣ ባለቤቱንም መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን እጠይቃለሁ። ሰዓቱ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ሳንቲሟ ትቀየራለች፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል።

እምቢ የሚለው ማን እንደሆነ መለየት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ቺፑ ሊሆን ይችላል፣ ባዮሱ ሊሆን ይችላል፣ ዊንዶውሱ ሊሆን ይችላል። «ሲስተምኢንፎ» ሦስቱንም ይለያል። ሊኑክስ ያለው ሰው «ዲመሴጅ» (የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳይ ትእዛዝ) ውስጥ «ኬቪኤም፦ ዲሰብልድ ባይ ባዮስ» የሚል መስመር ካየ ቺፑ ይችላል፣ የዘጋው ባዮሱ ነው። በእርግጥ የማይችል ቺፕም አለ። በኮር 2 ዘመን የነበሩ አንዳንድ ርካሽ ፔንቲየምና ሴለሮኖች ቪቲ-ኤክስ የላቸውም። ቁርጡን ለማወቅ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ይዞ የአምራቹን ገጽ ማየት ነው። ከሌለው ባዮስ ውስጥ ቢቆፍሩ አይገኝም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ቨርቹዋልቦክስ 6.0 በ32 ቢት ይሠራ ነበር፤ ግን ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ተቋርጧል፣ ስለዚህ ለተማሪ የምመክረው ሊኑክስን በፍላሽ በቀጥታ ማስነሳት ወይም የትምህርት ቤቱን ላብ መጠቀም ነው።

ስሙም በየማሽኑ ይለያያል። ኤኤምዲ ላይ ብዙ ጊዜ «ኤስቪኤም ሞድ» ነው የሚባለው፤ «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰው ያልፈዋል። ቲንክፓድ ላይ «ሴኩሪቲ» ገጽ ውስጥ ነው። መግቢያ ቁልፉ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ነው። «ቪቲ-ዲ» የሚል ካያችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ዩዝድ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ብር ሳትከፍሉ፣ እነዚህን አድርጉ። ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን መስመር አንብቡ። ዲሰብልድ ቢል ችግር የለም፣ ግን እዚያው ባዮስ ገብታችሁ አብሩት። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ሻጩ ያስከፍት፤ ከውጭ ድርጅቶች የሚወጡ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የባዮስ ይለፍ ቃል እንዳለባቸው ይሸጣሉ፣ በኋላ ማስከፈቱ ከባድ ነው። ከዚያ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ አብሩት። ሰዓቱን እዩ። ሻጩ «ምን ታዘገዩኛላችሁ» ቢላችሁም ጠብቁ።

ባዮስ አፕዴትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ጤነኛ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ላይ፣ መብራት በሚሄድበት ሰፈር፣ ሌላው ነገር ሁሉ ተሞክሮ ሳያልቅ አይነካም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ከተገኘ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ያለበት

አሳይመንቱን በቀኑ አስረክባለች። ላፕቶፕ አልተገዛም። እናቷ ዕቁቧ ሲወጣ አንድ ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ጨመረችላትና የቀረውን ለቤት ኪራይ አደረገችው። ዋናው ባትሪ እስካሁን አልተቀየረም።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራቸው ከቀትር እስከ ማታ መብራት አልነበረም። ሲመጣ ልጅቷ የስክሪኑን ፎቶ ላከችልኝ፤ ታች በቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓት በቀይ አክብባዋለች። ልክ ነው።